የዲዛይን ተማሪ የክረምት ዕረፍት፦ ስለ ፈጠራ ሥራና ስለ መነሳሻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት የዲዛይን ተማሪዎች ረጅሙ ዕረፍት በቀረበ ቁጥር የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ዕረፍቱ ለማረፍ ነው ወይስ ለመሥራት?

ለሁለቱም ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት። የዓመቱን የመጨረሻ ፕሮጀክት ሲሠራ አድሮ ያስረከበ ተማሪ በማግስቱ አዲስ ሥራ ልጀምር ቢል፣ እጁ የሚሄደው ዓመቱን ሙሉ ሲመላለስበት ወደከረመው መንገድ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አንድ ወይም ሁለት ሳምንታት ያለ ዕቅድ ቢያልፉ ጉዳት የለውም። እንቅልፍ፣ የእግር ጉዞ፣ ከወዳጅ ጋር መዋል ወይም ከዲዛይን ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው መጽሐፍ ማንበብ «ይህም የሥራው አካል ነው» የሚል ማስተባበያ አያስፈልገውም።

ከዚያ በኋላ ግን ዕረፍቱ ትምህርት ቤት ሊሰጥ የማይችለውን አንድ ነገር ይዞ ይመጣል። በክፍል ውስጥ ጥያቄውን የሚያወጣው መምህሩ ነው፤ የወረቀቱን መጠን፣ የማስረከቢያውን ቀንና ሥራው ለማን እንደሚሠራ የሚወስነውም እሱ ነው። በዕረፍት ጊዜ ጥያቄውን የሚያወጡት እርስዎ ነዎት። በሥራ ዓለም ደንበኛው የሚፈልገውን ራሱም በውል ሳያውቀው የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ ጥያቄን ቅርጽ ማስያዝ የሙያው ግማሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ይህን ደግሞ ያለ ነጥብና ያለ ውጤት መለማመድ የሚቻለው በዚህ ወቅት ነው።

ብዙ ሐሳብ አለኝ፣ ግን ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ምን ልሥራ?

አንድ ነገር ይሥሩ። እኔ በተማሪነቴ ለአንድ ክረምት ሰባት ፕሮጀክት ዘርዝሬ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ነበር፤ ትምህርት ሲከፈት ተሠርቶ ያለቀው ዝርዝሩ ብቻ ነበር። ለአሥር ሳምንት ዕረፍት አንድ ዋና ሥራ ይበቃል፤ ሁለተኛ ካስፈለገ ደግሞ ዋናው ሲያሰለች የሚነካ፣ ትንሽና ከዋናው በጣም የተለየ ቢሆን ይሻላል።

ያንን አንድ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት በአንድ ገጽ ላይ አራት ነገር ይጻፉ፦ ምን ማወቅ እንደፈለጉ፣ በምን ቁስ እንደሚሠሩ፣ ምን እንደማይፈቀድልዎና የት ላይ እንደሚያበቃ። «ፖስተር መሥራት እፈልጋለሁ» የሚለው ምኞት ነው። «ከመኝታ ክፍሌ መስኮት የሚሰሙ 20 ድምፆችን፣ ያለ ምንም ምስል፣ በአንድ ዓይነት የፊደል ቅርጽና በሁለት ቀለም ብቻ፣ በ20 ፖስተሮች አሳያለሁ» የሚለው ግን ነገ ጠዋት ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ፖስተሮች በቀላሉ ይመጣሉ፤ ለጩኸት ፊደሉን ማተለቅ፣ ለሹክሹክታ ማሳነስ ለማንም የሚታይ ዘዴ ነውና። ወደ ስምንተኛው ሲደርሱ የሚያውቁት ዘዴ ሁሉ ያልቃል። የቧንቧ ጠብታን ለማሳየት በሁለት ጠብታዎች መካከል ያለውን ዝምታ በፊደላት መካከል ባለው ክፍተት መለካት የሚጀምሩት ያን ጊዜ ነው፤ ሥራውም ከዚያ ወዲያ የእርስዎ ይሆናል።

ግራፊክ ዲዛይነሩ ማይክል ቢሩት በዬል ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎቹ አንድን የዲዛይን ተግባር መርጠው 100 ቀን በየቀኑ እንዲደጋግሙት የሚያዝ ሥራ ይሰጥ ነበር። መቶ ቀን ከብዙ ዕረፍቶች ስለሚረዝም ሠላሳ ላይ ማቆም ይቻላል፤ ቁም ነገሩ ቁጥሩ አስቀድሞ መወሰኑና መሰላቸት የሚመጣበትን ቦታ ማለፉ ነው።

መነሳሻ የሚገኘው ከየት ነው?

ብዙ ተማሪዎች መልሱን በስልካቸው ይጀምራሉ። በፒንተረስት ላይ የተከማቸ አምስት መቶ ምስል ግን በአብዛኛው ሌላ ሰው ለሌላ ጥያቄ የሰጠው ያለቀ መልስ ነው፤ ያንን አብዝቶ ያየ ዓይን የራሱን ጥያቄ ሳያነሳ መልስ መምረጥ ይለምዳል። ምስል ማየት ክፉ ነው አልልም፤ የሚጠቅመው ግን ሥራው ከተጀመረና ጥያቄው ከታወቀ በኋላ፣ «ሌሎች ይህን እንዴት ፈቱት?» ተብሎ ሲታይ ነው።

ዓይንን ለማሠልጠን ከሁሉ ርካሹ መሣሪያ መካከሉ የተበሳ ወረቀት ነው። በሎስ አንጀለስ ታስተምር የነበረችው የህትመት ሠዓሊ ኮሪታ ኬንት ተማሪዎቿ በጠንካራ ወረቀት ላይ ትንሽ መስኮት ቆርጠው በዚያ ብቻ እያጮለቁ ዓለምን እንዲያዩ ታደርግ ነበር። የክብሪት ሣጥን የሚያህል መስኮት ቆርጠው አንዲት ወንበር ላይ ለግማሽ ሰዓት ይመልከቱ፦ መጀመሪያ የወንበር ቁራጭ ይታያል፤ ቆየት ሲል «ወንበር» የሚለው ስም ይጠፋና በሁለት እግሮች መካከል ያለው ባዶ ቦታ፣ መሬቱ ላይ የተኛው ጥላና የእንጨቱ መጋጠሚያ እንደ ቅርጽ ብቻ መታየት ይጀምራሉ። ከእነዚህ ቅርጾች አሥሩን በእርሳስ ያስፍሩ። ለአርማ፣ ለጨርቅ ንድፍ ወይም ለመጽሐፍ ሽፋን የሚሆን መነሻ ከአሥሩ በአንዱ ላይ አለማግኘት ከባድ ነው።

የትም አልሄድም፤ ጉዞ ከሌለ መነሳሻ ይገኛል?

ጉዞ ያነሳሳል። ሠዓሊው ፓውል ክሌ በሚያዝያ 1914 ከአውግስት ማኬና ከሉዊ ሞዬ ጋር ወደ ቱኒዝያ ያደረገው አጭር ጉዞ ከቀለም ጋር የነበረውን ግንኙነት እንደለወጠው እሱ ራሱ በማስታወሻው መዝግቧል። ይሁንና ክሌ ያን ጊዜ የ34 ዓመት ሰው ነበር፤ ከዚያ በፊት ለዓመታት በአብዛኛው በመስመርና በጥቁርና ነጭ ሲሠራ ቆይቶ የቀለም ጥያቄውን ይዞ ነው የሄደው። ጥያቄ ያልያዘ መንገደኛ ፎቶ ይዞ ይመለሳል።

በአንጻሩ ጣሊያናዊው ጆርጆ ሞራንዲ ዕድሜውን አብዛኛውን ያሳለፈው በቦሎኛ ከተማ ከእኅቶቹ ጋር በሚኖርበት ቤት ነው፤ መኝታ ክፍሉም የሥራ ክፍሉም በሆነው ቦታ ያንኑ ጠርሙስ፣ ያንኑ ማሰሮና ያንኑ ሣጥን እያቀራረበና እያራራቀ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1964 ሲስል ኖሯል። የገንዘብ አቅም ለማይፈቅድለት ተማሪ ከዚህ የተሻለ ማጽናኛ አላውቅም። አምስት የቤት ዕቃ መርጠው ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ቦታቸውን እየቀያየሩ ይንደፉ፤ ስለ ምጥጥንና ስለ ክፍተት በዚህ የሚገኘው ትምህርት ወደ ገጽ አቀማመጥ ሥራ ሳይቀየር ይሻገራል።

የንድፍ ደብተሬን እንዴት ልያዝ? ቆንጆ ሥዕል አልስልም።

ደብተሩ ለሌላ ሰው እንዲታይ ታስቦ ከተያዘ ከጥቅም ውጪ ይሆናል። በኋላ ሌ ኮርቡዚዬ በሚል ስም የታወቀው አርክቴክት በ1911፣ በሃያዎቹ ዕድሜው፣ በባልካን አገሮች በኩል እስከ ኢስታንቡልና አቴንስ ሲጓዝ ስድስት ትንንሽ ደብተሮችን ሞልቷል። በውስጣቸው ፈጣን ንድፍ፣ ልኬትና ማስታወሻ ተደባልቀው ይገኛሉ። ከዚህ የሚወሰደው ንድፍ፣ ቁጥርና ቃል በአንድ ገጽ ላይ አብረው መዋላቸው ነው፤ አንድ በር ቢነድፉ ቁመቱን በእጅዎ ስንዝር ለክተው ከጎኑ ይጻፉ፣ ለምን ዓይንዎን እንደያዘውም አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ።

በኪስ ወይም በትንሽ ቦርሳ የሚገባ ደብተር ይምረጡ፤ ኤ5 የሚባለው 148 በ210 ሚሊ ሜትር ያለው መጠን ይመቻል። ቀን ይጻፉበት፣ ገጽ አይቅደዱ፣ ቢቻል በላጲስ በማይጠፋ እስክሪብቶ ይሥሩ። የተበላሸው መስመር ሳይጠፋ ሲቀር ቀጣዩ መስመር ከእሱ ይማራል፤ ላጲስ ያለው ተማሪ ግን አንዱን መስመር አሥር ጊዜ ሲያጠፋና ሲጽፍ ወረቀቱን ያጠቁረዋል።

ውድ መሣሪያ ያስፈልገኛል?

አያስፈልግም። እርሳስ፣ እስክሪብቶ፣ መቀስ፣ ስለታም መቁረጫ፣ ማስመሪያ፣ ሙጫና ያገኙት ወረቀት ለአንድ ክረምት ይበቃል። ገንዘብ ካለ ለውሃ ቀለም በሚሆን ወፍራም ወረቀት ላይ ቢወጣ ይሻላል፤ በስኩዌር ሜትር 300 ግራም የሚመዝነው ሲረጥብ ብዙም አይሸበሸብም።

ዓመቱን ሙሉ በኮምፒውተር ነው የምሠራው። በእጅ መሥራት ምን ይጨምርልኛል?

ኮምፒውተር ስህተትን በአንድ ቁልፍ ይመልሳል፤ እጅ ግን ስህተቱን ይዞ እንዲቀጥል ይገደዳል። ይህ ልዩነት ከቀለም ይልቅ ሌላ ቦታ ላይ ጎልቶ አይታይም። ባውሃውስ በተባለው የጀርመን የዲዛይን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በአሜሪካ ያስተማረው ሠዓሊ ዮሴፍ አልበርስ በቀለም ትምህርቱ ከቅብ ይልቅ ባለቀለም ወረቀት ይመርጥ ነበር፤ ወረቀት ሳይደባለቅና ሳይለወጥ ደጋግሞ ስለሚያገለግል ተማሪው ትኩረቱን በቀለሞቹ ግንኙነት ላይ ብቻ ያደርጋል። መልመጃውን ቤትዎ ይሞክሩት። ከአንድ ግራጫ ወረቀት ሁለት እኩል ቁራጮች ቆርጠው አንዱን በጥቁር፣ ሌላውን በነጭ ወረቀት መሀል ያስቀምጡ፤ በጥቁሩ ላይ ያለው ደመቅ፣ በነጩ ላይ ያለው ጠቆር ብሎ ይታያል። ቀጥሎ ከባድ የሆነው ይመጣል፦ ሁለት የተለያዩ ቀለሞች አንድ መስለው እንዲታዩ የሚያደርጉ ሁለት መደቦችን ከወረቀት ክምርዎ ፈልጎ ማግኘት። ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን በስክሪን ላይ የቀለም ቁጥር ሲመርጡ ቁጥሩ ብቻውን ምንም እንደማይነግርዎ በእጅዎ ያውቁታል።

ዕረፍቱ በፀሐያማ ወቅት ለሚመጣለት ተማሪ ሳያኖታይፕ የሚባለው የፀሐይ ህትመት እጅግ ተስማሚ ነው። (ክረምት ብለን ብንጠራውም ረጅሙ ዕረፍት በብዙ አገር የሚውለው በጠራ ሰማይ ነው፤ ደመና ካለ የሚለወጠው የመጠበቂያው ጊዜ ብቻ ነው።) ዘዴውን በ1842 ያገኘው እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ኸርሼል ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት የዕፅዋት ተመራማሪዋ አና አትኪንስ የባሕር አልጌዎችን በዚሁ ዘዴ እያተመች ማሳተም ጀመረች፤ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የሕንፃ ንድፎች በሰማያዊ መደብ ላይ በነጭ መስመር ይባዙ የነበሩትም በዚህ ነው። ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬትና ፖታሲየም ፌሪሲያናይድ የተባሉት ሁለት ጨዎች በየብቻቸው በውሃ ይሟሟሉ፤ ከተደባለቁ በኋላ ደብዛዛ ብርሃን ባለበት ክፍል ወረቀት ላይ ይቀባሉ። ወረቀቱ በጨለማ ከደረቀ በኋላ ቅጠል፣ ዳንቴል ወይም ከጥቁር ወረቀት የተቆረጠ ፊደል ይቀመጥበታል፤ በመስታወት ይጫንና ፀሐይ ላይ ይውላል።

የመጀመሪያውን ህትመት ያየ ሰው አይረሳውም። ቢጫ አረንጓዴ የነበረው ወረቀት በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ሰማያዊ፣ ከዚያም ወደ ነሐስማ ግራጫ ይለወጣል፤ ይህን ጊዜ የተቃጠለ መስሎ ስለሚታይ ብዙዎች ደንግጠው ያነሱታል፣ ህትመቱም ፈዛዛ ይሆንባቸዋል። ቆይቶ በንጹሕ ውሃ ሲታጠብ ቢጫው ፈሳሽ እየወረደ ነጩ ቅርጽ ይወጣል፤ ሰማያዊው ደግሞ በሚቀጥለው ቀን ከዕለቱ ይልቅ ጠልቆ ይገኛል። ጓንት ያድርጉ፣ ፌሪሲያናይዱን ከአሲድ ጋር በፍጹም አያገናኙ፣ የተጠቀሙበትን ዕቃም ወደ ማዕድ ቤት አይመልሱ።

በመሀል ሐሳብ ቢነጥፍብኝ ወይም ሥራው ቢከሽፍስ?

ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሐሳብ ሲነጥፍ መጠኑን ወይም ቁሱን መቀየር ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ በጠረጴዛ ላይ የተሠራውን ግድግዳ በሚያህል ወረቀት፣ በእርሳስ የተነደፈውን በመቀስ ይድገሙት። ካልሆነም ለሁለት ቀን ይተዉት። ለአንድ ሳምንት ከተዉት ግን መመለሱ እንደ አዲስ መጀመር ስለሚሆን፣ ቢያንስ በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ ከሥራው አጠገብ መቀመጥ ይሻላል።

መክሸፍ ደግሞ ከክረምት ሥራ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው። በሰሜን ካሮላይና የነበረው ብላክ ማውንቴን ኮሌጅ ከ1944 ጀምሮ በየዓመቱ በረጅሙ የበጋ ዕረፍት የሥነ ጥበብ ትምህርት ያዘጋጅ ነበር። በ1948 ዲዛይነሩና ፈልሳፊው በክማንስተር ፉለር ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ ለመስኮት መጋረጃ ከሚውሉ ቀጫጭን ጥብጣቦች 15 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጉልላት ለማቆም ሞከረ፤ ጉልላቱ ከመሬት አልነሳ አለ። «የተጋደመው ጉልላት» የሚል ስምም ወጣለት። ፉለር በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ በሌላ ቁስ አነስ ያለ ጉልላት ሠራ፤ ያኛው ሰው ሲንጠለጠልበት እንኳ የሚሸከም ነበር። ተማሪው ከዚህ የሚወስደው ተስፋ አለመቁረጥን ብቻ ከሆነ ግማሹን ነው ያየው፤ በሁለተኛው ጊዜ የተቀነሰው መጠኑ፣ የተለወጠው ደግሞ ቁሱ እንደነበር ልብ ይሏል።

ልምምድ ልውጣ ወይስ የራሴን ሥራ ልሥራ? «ለልምድህ ነው» ተብሎ በነፃ ሥራ ቢጠየቅስ?

በደንብ የሚያሠራና የሚያርም ሰው ያለበት የሥራ ልምምድ ከተገኘ ይውሰዱት፤ የራስዎን ሥራ በሳምንት ለአንድ ቀን ያቆዩት። ቀኑን ሙሉ ምስል መቁረጥና ፋይል መሰየም ብቻ ከሆነ ግን ከአንድ ወር በላይ አይቆዩ።

ነፃ ሥራን በተመለከተ፣ ለሚያምኑበት ጉዳይ በፈቃድ መስጠት መልካም ነው። ትርፍ የሚያገኝበት ሰው «ስምህ ይታወቅበታል» ካለ ግን ስም የማተሚያ ቤትን ወጪ እንደማይከፍል ያስታውሱት። የተከፈለም ቢሆን ያልተከፈለ፣ ስንት አማራጭ እንደሚያቀርቡ፣ ስንት ጊዜ እንደሚያርሙና የመጨረሻው ፋይል መቼ እንደሚሰጥ ከመጀመርዎ በፊት በጽሑፍ ይሁን፤ ጠብ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ በአምስተኛው «ትንሽ ማስተካከያ» ላይ ነው።

የክረምት ሥራ ፖርትፎሊዮ (የሥራዎች ማሳያ ስብስብ) ውስጥ ይገባል?

ይገባል፤ የግል ሥራ መሆኑ በግልጽ እስከተጻፈ ድረስ። ለታወቀ ድርጅት በራስ ፈቃድ የተሠራን አርማ ድርጅቱ ያሠራው አስመስሎ ማቅረብ ማታለል ነው፤ ሲታወቅም ሌሎቹን እውነተኛ ሥራዎች አብሮ ያስጠረጥራል። ከሃያው ፖስተር ስድስቱን መርጠው፣ የተጣሉ ሁለት ሙከራዎችን ከምክንያታቸው ጋር ቢጨምሩ፣ የሚመለከተው ሰው እጅዎን ብቻ ሳይሆን ፍርድዎን ያያል። ለዚህ ሲባል በሥራ ላይ እያሉ ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል፤ በመስኮት አጠገብ፣ በጥላ ውስጥ ባለ እኩል ብርሃን፣ ካሜራው ከወረቀቱ ጋር ትይዩ ሆኖ ይነሳ።

በመነሳሳትና በመኮረጅ መካከል ያለው ድንበር የት ነው?

በሕግ በኩል ጥበቃ የሚደረገው ለሐሳቡ ሳይሆን ሐሳቡ ለተገለጸበት መልክ ነው። በ1886 የተፈረመው የበርን ስምምነት፣ ዛሬ ባለው ይዘቱ፣ በአባል አገሮች ውስጥ የቅጂ መብት ያለ ምዝገባ ሥራው እንደተፈጠረ እንዲጸናና በጥቅሉ ቢያንስ ደራሲው ከሞተ በኋላ እስከ 50 ዓመት እንዲቆይ ይደነግጋል፤ ብዙ አገሮች 70 አድርገውታል። ስለዚህ ጥቂት ቀለማትንና ሰያፍ መስመሮችን መጠቀም የማንም አይደለም፤ የአንድን ሰው ፖስተር አቀማመጥ ከነምስሉ ወስዶ ጽሑፉን ብቻ መቀየር ግን ሌላ ነገር ነው። ለመማር ብሎ በደብተር ውስጥ መገልበጥ የቆየና ጤናማ ልማድ ነው፤ ከጎኑ የዋናውን ሠሪ ስም ይጻፉ፣ እንደ ራስዎ ሥራም አያውጡት። ከበይነ መረብ የሚወርዱ ፊደላትም ፈቃድ አላቸው፤ «ለግል ጥቅም» የተባለው ለደንበኛ ሥራ አይሆንም።

ሕጉ የማይደርስበት ቦታም አለ። አንድ ጌጥ ዕድሜው ከማንኛውም የቅጂ መብት ቢበልጥም ለአንድ ማኅበረሰብ የሐዘን፣ የእምነት ወይም የማዕረግ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ቅርጹ ስላማረ ብቻ በሻንጣ ላይ ከማተም በፊት ትርጉሙን ከባለቤቶቹ መጠየቅ ይገባል። ለራስ መፈተኛ የሚሆን አንድ ጥያቄ አለ፦ መነሻዎ የሆነው ሰው ሥራዎን አጠገብዎ ቆሞ ቢያይ ከየት እንዳመጡት ሳያፍሩ ይነግሩታል?

ምስል የሚያመነጩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞችን ብጠቀምስ?

ይህ በየዓመቱ የሚከብድ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ለምን እንደሚጠቀሙበት ይወሰናል። የክረምቱ ሥራ ዓላማ ዓይንንና እጅን ማሠልጠን ከሆነ፣ ሥልጠናውን ለሌላ አሳልፎ መስጠት ዋና ለመማር ጀልባ እንደመሳፈር ነው። ፕሮግራሙን ራሱን የጥያቄዎ ጉዳይ ካደረጉት ግን የተለየ ነው፤ ለምሳሌ ለሃያው ድምፅ ፕሮግራሙ የሚሰጠውን መልስ ከራስዎ መልስ ጎን ደርድሮ የት ላይ እንደሚያዘወትር ማጥናት ብርቱ ሥራ ይወጣዋል።

የባለቤትነቱ ጉዳይ ገና አልረጋም። የአሜሪካ የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት በ2023 ባወጣው መመሪያ፣ ያለ ሰው ደራሲነት በመሣሪያ ብቻ የመነጨ ሥራ እንደማይመዘገብ አስታውቋል፤ በሌሎች አገሮች አቋሙ ይለያያል። ትምህርት ቤትዎ ደንብ ካለው እሱን ያንብቡ፤ ከሌለውም የተጠቀሙበትን ቦታ በሥራው ግርጌ በግልጽ ይጻፉ።

የጀመርኩት ሳያልቅ ትምህርት ቢከፈትስ?

ከሃያው ፖስተር አሥራ ሦስቱ ብቻ ተሠርተው ሊገኙ ይችላሉ። የቀሩትን ሰባት በመጨረሻው ቅዳሜና እሑድ ለመጨረስ መሯሯጥ አያስፈልግም፤ በጥድፊያ የተሠሩት ሰባቱ ከአሥራ ሦስቱ ጋር ሲቀመጡ ያስታውቃሉ። ይልቁንም ሥራው ገና ትኩስ ሳለ በአንድ ገጽ ላይ የት እንደቆመ፣ አሥራ አራተኛው ምን ሊሆን እንደነበርና ምን እንዳስቸገረዎ ይጻፉ። ገጹንና ሙከራዎቹን፣ የተጣሉትንም ጭምር፣ በአንድ ካርቶን ውስጥ ያኑሩና በላዩ ላይ ቀኑን ይጻፉበት።